የእህቴ ባል ማይክሮዌቭ

የእህቴ ባል ዕቃ ገዝቶ በዝምታ ቤት ገብቶ አያውቅም። ማይክሮዌቩን ያመጣ ቀን፣ መኪና ወደማይገባበት የቀጨኔ ቁልቁለታችን ሁለት ተሸካሚዎች ትልቁን ካርቶን ይዘው ሲወርዱ፣ እሱ ከፊት ከፊት እየሄደ «ቀስ! ቀስ በሉ! ይሄ እኮ ተራ ዕቃ አይደለም!» እያለ ይጮህ ነበር። የሚጮኸው ለተሸካሚዎቹ እንዳይመስላችሁ። በየበሩ ለቆሙት ሴቶች ነው።

ያን ጊዜ በአንድ ግቢ አራት ሆነን ነበር የምንኖረው፤ እናቴ፣ እኔ፣ ታናሽ እህቴና ባሏ። ቤቱ አባታችን የተወልን ነው። እኔ ዊንጌት አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ሥራዬ ሰው የማያነበውን ወረቀት አንብቦ፣ ሰው የማይሰማውን ምክር መምከር ነው። «ከምግብ በኋላ ነው የሚወሰደው» ስላቸው «እሺ» ብለው በባዶ ሆዳቸው የሚውጡ ሰዎችን ሳይ ስለምውል፣ ንቀት ልማድ ሆኖብሻል ቢሉኝ አልክድም። የእህቴ ባል ግን ከነሱም ይብሳል። እነሱ ቢያንስ «እሺ» ይላሉ።

እሱ የአንድ ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ ነው። አንድ ጊዜ ለሥልጠና ተብሎ ዱባይ ለጥቂት ቀናት ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ የማያውቀው ነገር ጠፋ። ሰው መንገድ እንዴት እንደሚያቋርጥ፣ ሙዝ ከየትኛው ጫፍ እንደሚላጥ፣ ሁሉንም «እዚያ» አይቶ መጥቷል። አጠገቡ ተቀምጬ ስሰማው፣ ያን ሁሉ ያየው በአውሮፕላን ማረፊያና በሆቴሉ መካከል መሆኑን እያሰብኩ ጥርሴን እነክስ ነበር።

ሦስታችንን ሶፋ ላይ አስቀምጦ ካርቶኑን እንደ ምርቃት ሥነ ሥርዓት ከፈተው።

«ይሄ ኮምቢኔሽን ይባላል» አለ። «ማይክሮዌቭ ነው፣ ግሪል ነው፣ ኦቭን ነው። ሦስት በአንድ! እማማ፣ ከእንግዲህ ጭስ የለ፣ ጣጣ የለ። በቃ፣ መጫን ነው።»

«ሦስቱ በምን ይለያያሉ?» አልኩት።

«በቁልፉ ነዋ፣ እትዬ!»

እውቀቱ እዚያ ላይ አለቀ። መመሪያውን ከማሸጊያው ፎም ጋር ጠቅልሎ ሊጥለው ሲል ከእጁ ወሰድኩት።

«ተይው፣ እሱ ለማያውቅ ሰው ነው» አለኝ።

«እንግዲያው ለቤታችን የተጻፈ ነው» አልኩት። አልገባውም። ብዙ ነገር ስለማይገባው ከእሱ ጋር መጣላት እንኳ ደስ አይልም።

ዕቃውን ያስቀመጠው በፍሪጁና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ልክ እንደ ሹራብ ወትፎ አስገባው። ሶኬቱን ደግሞ ፍሪጁ በተሰካበት ኤክስቴንሽን ላይ ሰካው። እናቴ ዕቃ ራቁቱን ሲቀመጥ ስለማትወድ ወዲያው ዳንቴል አምጥታ አለበሰችው፤ ከላዩም የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠችበት።

«በጎንና በላይ ያለው ቀዳዳ የአየር መውጫው ነው» አልኩት። «አፍነኸዋል። ግራና ቀኙ፣ ጀርባውም ላላ ማለት አለበት። ሶኬቱም ለብቻው ከግድግዳ ነው መሆን ያለበት፤ ይሄ ኤክስቴንሽን ይህን ሁሉ ኃይል አይችልም።»

«ኧረ እትዬ፣ ሰው አደረግሽው እኮ! የሚታፈን ማሽን!» ብሎ ሳቀ። እህቴም ሳቀች። ያን ጊዜ እሱ ሲስቅ አብሮ መሳቅ የትዳር ግዴታ ይመስላት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ኩሽናው የተቃጠለ ጎማ ይሸት ጀመር። ኤክስቴንሽኑን ስነካው ፕላስቲኩ እንደ ሰም ለስልሷል። ነቅዬ አሳየሁት። አሽትቶ፣ አገላብጦ አይቶ፣ «አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ላይ ይሸታል» አለ። እኔ የማሳየው የቀለጠ ኤክስቴንሽን ነው፤ እሱ የሚነግረኝ ስለ አዲስ ዕቃ ጠረን ነው።

መመሪያውን ሥራ ቦታ ወስጄ፣ ገዢ በሌለበት ሰዓት እያነበብኩ ጨረስኩት። ነገሩ ቀላል ነው። ማይክሮዌቩ ምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ እያናወጠ ነው የሚያሞቀው። ግሪሉ ከላይ እንደ ፍም ይጠብሳል። ኦቭኑ የጋለ አየር በማራገቢያ ያዞራል። ኮምቢኔሽን የሚባለው እነዚህ አንድ ላይ ሲሠሩ ነው፤ ውስጡ ቶሎ ይበስላል፣ ላዩም ቡናማ ይሆናል። ጣጣው ያለው ሳህኑ ላይ ነው። አንዳንድ ፕላስቲክ ማይክሮዌቩን ይችላል፣ ኦቭኑና ግሪሉ ግን ያቀልጡታል። የብረት ትሪ ለኦቭኑ ምንም አይልም፣ ማይክሮዌቩ ውስጥ ሲገባ ግን ብልጭታ ይረጫል። ኮምቢኔሽን ላይ ሁለቱንም የሚችል ዕቃ ብቻ ነው የሚገባው፤ እሳት የሚችል ብርጭቆ፣ ወይም ወርቅ ቅብ የሌለው ሸክላ። ይህን ለመረዳት ዱባይ መሄድ አያስፈልግም። ማንበብ ነው የሚያስፈልገው፤ እሱ ደግሞ ከዱባይ ይልቅ ለአንዳንድ ሰው ይርቃል።

እህቴን አስቀምጬ ነገርኳት። ሰማችኝ፤ ግን በዚያው ሳምንት ባሏ የእናቴን ባለ ወርቅ ጠርዝ ሲኒ ወተት ሞልቶ ማይክሮዌቩ ውስጥ ከተተው። ጠርዙ ዙሪያውን እየተንጣጣ ሲበራ እጁን ጨብጭቦ «ርችት! ኑ እዩ፣ ርችት!» አለ። ወርቁ ጠቆረ። እናቴ ሲኒዋን አገላብጣ አይታ «ምንም አይደል፣ የኔ ጌታ፤ ዕቃ ነው» አለችው።

እናቴ ወንድ ልጅ የላትም። ለዚህ ነው መሰለኝ እሱ ቤታችን ከገባ ጀምሮ የሠራው ሁሉ ያምርላታል። እኔና እህቴ ሳህን ብንሰብር እየጮኸች ያሳደገችን ሴት፣ እሱ ሲሰብር ስብርባሪውን እየጠረገች ትመርቀዋለች። እሷን ለመናቅ አልችልም፤ እናቴ ናት። ያን ጊዜ ግን ከንዴቴ የተወሰነው ለእሷም ነበር።

የባሰው የመጣው አንድ እሁድ ነው። እናቴ ከመድኃኔዓለም ቅዳሴ ተመልሳ፣ ነጠላዋን እንዳደረገች ሳሎን ተቀምጣ ነበር። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣለሁ። እህቴ ሽንኩርት ትልጣለች። እሱ «ዛሬ ለእማማ ሻይ የማፈላው እኔ ነኝ» ብሎ ተነሣ።

ውሃውን ልሙጥ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሮ ማይክሮዌቩ ውስጥ አስገባው። ጨርሶ ሲጮህ አውጥቶ አየው፤ አይንተከተክም። «አልፈላም» ብሎ መለሰው። እንደገና አወጣው፤ አሁንም ዝም ብሏል። ለሦስተኛ ጊዜ ከተተው። ይህን ሁሉ በኋላ እህቴ ናት የነገረችኝ። እሷ ዓይኗ እያነባ ሽንኩርቷ ላይ ነበረች።

ውሃ እንዲህ ያለ ልሙጥ ብርጭቆ ውስጥ ከፍላቱ አልፎ ሊግል ይችላል፤ አረፋ አያወጣም፣ አይንቀሳቀስም፣ የተኛ ይመስላል። አንድ ነገር ሲነካው ነው ባንድ ጊዜ የሚገነፍለው። ለዚህ ነው ከማሞቁ በፊት የእንጨት ማንኪያ ጣል የሚደረግበት፣ ካበቃም በኋላ በሩ ሳይከፈት ትንሽ እንዲያርፍ የሚተወው። ይህ ሁሉ መመሪያው ላይ አለ፤ በሥዕል ጭምር።

ብርጭቆውን በሳህን አድርጎ ለእናቴ አቀረበላት፤ ስኳሩንና የሻይ ከረጢቱንም አስጠጋላት። እናቴ ስኳሩን እንደጨመረችበት ውሃው እንደ ምንጭ ዘሎ ወጣ።

ጩኸቷን ግቢ ሆኜ ሰማሁት። ስገባ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛለች፤ ከጣቶቿ እስከ አንጓዋ ቀልቷል። ቧንቧውን ከፈትኩ፤ የውሃ ተራችን አልነበረም፣ ጠብ አይልም። «ጀሪካኑን አምጪ!» አልኳት እህቴን። ጣቷ ሳያብጥ ቀለበቷን አወለቅሁና እጇን ባልዲ ላይ ይዤ፣ እህቴ ቀስ እያለች ቀዝቃዛ ውሃ ታፈስበት ጀመር። አንዱ ጀሪካን አልቆ ሌላ ከፈትን።

የእህቴ ባል ጠፍቶ ነበር። ሲመለስ የጥርስ ሳሙና ይዟል። ክዳኑን ከፍቶ፣ ጣቱ ላይ አድርጎ፣ ሊቀባት ጎንበስ አለ።

«እጅህን አንሣ» አልኩት።

«እዚያ እኮ ለቃጠሎ...»

«እጅህን አንሣ አልኩህ!»

ቆመ። ከዚያ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ያለውን ነገር ተናገረ። «እ... ማለቴ፣ ስኳሩን ቀስ ብለው ቢጨምሩት ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር» አለ።

ቀና ብዬ አየሁት። የተቃጠለች አሮጊት ፊት ቆሞ፣ የጥርስ ሳሙና ጣቱ ላይ እንደያዘ፣ ጥፋቱን ማንኪያ ላይ የሚያላክክ ሰው። መናደድ ፈልጌ ነበር። የመጣልኝ ግን ንዴት አልነበረም፤ ጫማ ሥር የተጣበቀ ነገር ሲያዩ የሚመጣው ስሜት ነው። የእናቴን እጅ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ፣ መኪና አስጠርቼ ክሊኒክ ወሰድኳት።

የእናቴ እጅ ለሳምንታት ታስሮ ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ይቅርታ» የሚል ቃል ከእህቴ ባል አፍ አልወጣም። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ጥሩ ጥለት ያለው ነጠላ ገዝቶላት መጣ፤ በአንድ እጇ ተቀብላ ረጅም ምርቃት መረቀችው። ለጎረቤት ደግሞ ዕቃው ራሱ ብልሽት እንዳለበት፣ ጨረርም ሳይወጣው እንደማይቀር ይናገር ጀመር። ጎረቤቶቹ ይህን ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አጣ። «ድሮም ካንሰር ያመጣል ይባላል» አለችኝ አንዷ በር ላይ አስቁማ። ይቺው ሴት ልጇን ጉንፋን በያዘው ቁጥር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ካልሸጥሽልኝ ብላ የምትጨቀጭቀኝ ናት። በሩ ደህና የሚገጥም፣ ማሰሪያው ያልተሰበረ ማይክሮዌቭ ሲዘጋ ጨረሩን ውስጡ ይይዘዋል፤ ሲከፈት ይቆማል አልኳት። «አይ፣ እናንተ የተማራችሁት» ብላ ሄደች።

እሱ ዕቃውን ሊሸጠው ፈለገ። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ዕቃው ምን አደረገ? ከክፍተቱ አውጥቼ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስመጥቼ የራሱ ሶኬት አስገጠምኩለት። ዳንቴሉን አጥፌ ለእናቴ መለስኩላት።

«እንዲህ ራቁቱን ሊቀመጥ?» አለች።

«ራቁቱን ይሻለዋል፣ እማዬ።»

ከዚያ ከእህቴ ጋር መሞከር ጀመርን። የመጀመሪያው ድንች፣ ቆዳውን በሹካ ሳንወጋ አስገብተነው ፈነዳ። ሽሮ ሳንከድን ስናሞቅ የዕቃውን የውስጥ ጣራ ሁሉ ለቀለቀው፤ ከዚያ ወዲያ ለእንፋሎት ቀዳዳ በተወ ክዳን እየከደንን፣ መሐል ላይ አውጥተን እያማሰልን ማሞቅ ለመድን፤ አለበለዚያ ዳሩ ሲፈላ መሐሉ ቀዝቃዛ ይሆናል። ዶሮ በኮምቢኔሽን ስንሠራ መጀመሪያ ላዩ አምሮ ታፋው አጥንት ሥር ደም ነበረው። እናቴ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ «ይሄማ ቢለቁት ይጮሃል» አለች። በሚቀጥለው ጊዜ ወፍራሙን ቦታ ሰንጥቀን፣ የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት እስኪል አቆየነው፤ ከወጣም በኋላ ትንሽ አሳረፍነው። ያኔ እህቴ አንድ ቁራሽ ቀምሳ ወዲያው ሌላ ቁራሽ አነሣች። ያን ቀን ባሏ ሲቀልድ አልሳቀችም። ልብ ብዬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የገባው ጾም ሲፈታ እሱ አለቃውን ከነባለቤቱ ምሳ ጋበዘ። አለቃው ከተባለው ሰዓት በጣም ዘግይቶ መጣ፤ ይቅርታ ሳይጠይቅ ተቀመጠ፤ ሁለቱንም የዶሮ ታፋ ለብቻው በላ። አለቃና ምንዝር እንደዚህ ሲመሳሰሉ አይቼ አላውቅም። ዶሮውን እህቴና እኔ ነን የሠራነው። የእህቴ ባል ግን ቢላውን ይዞ እየቆረጠ «ምስጢሩ የአየሩ ዝውውር ነው፤ እዚያ እያለሁ ነው የተማርኩት» ይላል። እህቴ ሳህኗን ታያለች።

እህቴ በብርጭቆ ትሪ የሠራችው ላዛኛም ነበር። አለቃው እሱንም ጨርሶ «ይደገም እንዴ?» ሲል፣ የቀረው ፍሪጅ ውስጥ በፕላስቲክ ሳህን እንዳለ ትዝ ያለው ባሏ ከወንበሩ ዘለለ። «እኔ አሞቀዋለሁ! ይምጡ ጌታዬ፣ ዕቃውን ላሳይዎት!» ብሎ አለቃውን እየመራ ኩሽና ገባ።

ተነሥቼ ተከተልኳቸው። ሳህኑን ከነክዳኑ ከቶ በሩን ዘግቶታል። ጣቱ ኮምቢኔሽኑ ላይ ነው።

«ፕላስቲክ ነው» አልኩት። «ብርጭቆ ላይ ገልብጠው።»

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ተይኝ!» አለ እየሳቀ፣ ወደ አለቃው እያየ። ተጫነው።

መጀመሪያ ክዳኑ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቀለለ። ከዚያ ሳህኑ በጎኑ ተኝቶ አይቡና ፕላስቲኩ አንድ ላይ ይፈሱ ጀመር። ጥቁር ጭስ በቀዳዳዎቹ ወጣ፤ ውስጡም ትንሽ ነበልባል ታየኝ። እሱ እጁን ወደ በሩ ሰደደ።

«አትክፈት!» ብዬ ጮኽኩ። አየር ካገኘ እሳቱ ይፋፋማል። ገፍቼው አልፌ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት። በሩ እንደተዘጋ ነበልባሉ ትንሽ ተንቦገቦገና ከሰመ። መስኮቱን ከፍተን ሁላችንም እያሳልን ወደ በረንዳ ወጣን። የአለቃው ሚስት በሻርፕዋ አፍንጫዋን ይዛለች።

የእህቴ ባል ፊቱን ጠረገ። ሁላችንንም በየተራ አየ። ከዚያም «መብራቱ ነው» አለ። «ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ሲል እንዲህ ያደርጋል።»

እኔ አፌን ልከፍት ነበር፤ የቀደመችኝ እናቴ ናት። በረንዳው ላይ ወንበሯ ላይ እንዳለች፣ ቆዳው የተጨማደደውን ቀኝ እጇን አንሥታ አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው።

«ልጄ» አለች ረጋ ብላ፣ «ባለፈው ጥፋተኛው ስኳሩ ነበር። ዛሬ መብራቱ ሆነ። ተራው ላንተ የሚደርሰው መቼ ነው?»

አለቃው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እውነትዎን ነው፣ እማማ! ቢሮም እንደዚሁ ነው!» አለ። የእህቴ ባል አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን እንቢ አለው። ወደ ሚስቱ ዞረ። እህቴ አልሳቀችም፤ አላዘነችለትምም። «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ዕቃ አትነካም» አለችው፣ እንግዶቹ እየሰሙ። ከዚያ ለአለቃው ሚስት ውሃ ልታመጣ ገባች።

ዕቃው ሲቀዘቅዝ ፕላስቲኩን ፍቀን አወጣነው። የሚዞረው የብርጭቆ ሳህን ስለተሰነጠቀ አዲስ ገዛን። በሩ መግጠሙንና የተበላሸ ነገር አለመኖሩን ባለሙያ አይቶ እሺ እስኪል ድረስ አልሰካነውም። ሽታው አልለቅ ብሎን ነበር፤ ሎሚ የተቆረጠበት ውሃ ከነእንጨት ማንኪያው እያሞቅን፣ ውስጡን ደጋግመን በጨርቅ ስንጠርገው ለቀቀ።

እህቴና ባሏ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከወጡ ቆይተዋል። እዚያም አንድ ገዝተዋል፤ የሚነካው እሷ ብቻ ናት። እሱ ግን አሁንም ለእንግዳ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል ብላኛለች። እናቴ እኛ ጋ ባለው ድንቿን ትጋግራለች፣ ወተቷን ታሞቃለች። ትንሿ ጣቷ ሙሉ በሙሉ አትታጠፍም፤ ብርጭቆ የምታነሣው በግራዋ ነው።

በዓል ሲሆን ይመጣሉ። እሱ ጎንበስ ብሎ ያንኑ እጇን ይስማል፤ እሷም ትመርቀዋለች። እኔ በአንገቴ ሰላም ብዬው አልፋለሁ። ባለፈው በዓል እናቴ ወደ ጓዳ ተከትላኝ ገባች።

«ይቅር አላልሽውም እንዴ?» አለችኝ።

«ይቅር ካልኩት ቆየሁ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ይሄ ፊትሽ ምንድን ነው?»

«ይቅር ማለት ሌላ፣ መናቅ ሌላ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና «በይ፣ እንግዳ አታስርቢ» ብላ ትሪውን አስያዘችኝ።